በገበያ መሐል ያነደድሁት ሳህን

ይህን ታሪክ የሚያውቁ ሰዎች በከተማችን በወገዳ ዛሬም አሉ። እነሱ ሲያወሩት እኔ ጀግና ነኝ። ስለዚህ እኔው ይታይሽ ራሴ ብነግራችሁ ይሻላል።

በንጉሡ ዘመን ነው። ገና ሠላሳ ዓመት አልሞላኝም። እኔና ባለቤቴ አያሌው ከገበያው ሜዳ ዳር አንዲት የሣር ክዳን ሱቅ ነበረችን። ጨው፣ ሳሙና፣ ክብሪት፣ አቡጀዲና ላምባ እንሸጣለን። አያሌው ዕቃውን ከደብረ ታቦር በበቅሎ ያመጣል፤ እሱ መንገድ ላይ ሲሆን ሱቁን የምጠብቀው እኔ ነኝ። ከሜዳው ማዶ፣ ልክ ከፊታችን፣ የአያ ደሳለኝ ሱቅ ነበር። አያሌውን ንግድ ያስተማረው እሱ ነው። ሚስቱ እናኑ ደግሞ የመጀመሪያ ልጄን ስወልድ ወገቤን ይዛ ያደረች ሴት ናት። እንደ ዘመድ ነበርን ማለት ይቻላል።

በዚያ ዓመት ግን አያ ደሳለኝ ከየት እንዳገኘው ሳይታወቅ ላምባ ከእኛ በጣም አርክሶ መሸጥ ጀመረ። ላምባ ሊገዛ የሄደ ሰው ጨውንም ሳሙናውንም ከዚያው ይዞ ይመለሳል። የእኛ ደጃፍ ጭር አለ። እኔና እናኑ ቤተ ክርስቲያን ስንገናኝ ሰላምታ እንለዋወጣለን፤ ቤት ለቤት መጠያየቁ ግን ቀረ። ማንም ማንንም አልሰደበም፤ ዝም ብሎ ቀረ።

ወሩ ጥር ነው፤ እህሉ ጎተራ ገብቶ ሰርግ የበዛበት ሰሞን። አያሌው ደብረ ታቦር ነበር። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ስመኝ የምትባል የገጠር ደንበኛዬ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ድረስ ተከናንባ ሱቅ ገባች።

"ምነው ስመኝ፣ አሞሻል እንዴ?" አልኋት።

ነጠላውን ገለጥ አደረገችው። ሁለቱም ቅንድቦቿ የሉም። ግንባሯ ቀልቶ ውኃ ቋጥሯል።

"ኩራዙ ነው" አለችኝ። "ትናንት ማታ ክብሪት ጭሬ ወደ ክሩ ሳስጠጋው ገና ሳልነካው ቦግ ብሎ ፊቴ ላይ መጣ። ሕፃኑ በጀርባዬ ስለነበር ነው የተረፈው። የሰው ዓይን ነው መሰለኝ፣ ይታይሽ። ነገ ጠበል ልሄድ ነው።"

"ላምባው የታለ?"

"ይኸው፤ ወንዝ ልደፋው ይዤው መጣሁ።"

ጠርሙሱን ከፍቼ አሸተትሁት። አያሌው አንድ ጊዜ በጭነት መኪና ሲመጣ ጋቢው ላይ ቤንዚን ፈሶበት ስንት ጊዜ አጥቤው ሽታው አልለቅ ብሎኝ ነበር። ያው ሽታ ነው፤ አፍንጫ ይሰነፍጣል። ወደ ጓሮ ወሰድኋትና ሁለት ሳህን አምጥቼ በአንዱ ከእኛ ላምባ፣ በሌላው ከሷ ጠርሙስ ጥቂት ጥቂት አፈሰስሁ። በእኛው ውስጥ የተለኮሰ ክብሪት ስጥልበት እሳቱ ጠፋ። ወደ ሁለተኛው ሳስጠጋ ግን ክብሪቱ ሳይደርስ ነበልባሉ ተነሥቶ የእጄን ፀጉር ለበለበው። ስመኝ ጮኻ ወደ ኋላ ዘለለች።

"ከየት ነው የገዛሽው?"

"ከአያ ደሳለኝ ነዋ! አሁን ማን ከሌላ ይገዛል?"

እውነቱን ልንገራችሁ። በዚያች ሰዓት ሁለት ነገር ተሰማኝ። አንዱ ፍርሃት ነው፤ ስንት ሰው ይህን ገዝቶ ቤቱ አስቀምጦ ይሆን የሚል። ሁለተኛውን በስሙ ለመጥራት ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል። ደስታ ነበር።

ጠርሙሱን እኔ ዘንድ አስቀረሁና ሱቅ ከመዘጋቱ በፊት ሜዳውን ተሻግሬ ሄድሁ። አያ ደሳለኝ ብቻውን ሆኖ አቡጀዲ ያጥፋል።

"አያ ደሳለኝ፣ የምነግርህ ነገር አለኝ።"

"ተናገሪ፣ ሰው የለም።"

"የምትሸጠው ላምባ ቤንዚን አለበት። ስመኝ ፊቷ ተቃጥሏል። እባክህ ከዚህ በኋላ አትሽጠው።"

ጨርቁን አስቀመጠና ቀና ብሎ አየኝ። "ማን ላከሽ? አያሌው ነው?"

"አያሌው እዚህ የለም። ማንም አልላከኝም።"

"ገበያው ሲርቃችሁ ነው ላምባዬ ቤንዚን የሆነው? ክሩን አስረዝማው ይሆናላ! ለኩራዝ አያያዝ ደግሞ እኔን ትጠይቂኛለሽ?"

"በሳህን አድርገህ ሞክረው። ክብሪት ብቻ አስጠጋለት።"

"በገዛ ቤቴ ልታስተምሪኝ መጣሽ?" ድምፁ ከፍ አለ። "ሂጂ እህቴ፣ ሥራሽን ሥሪ።"

እናኑ ድምፅ ሰምታ ከጓዳ ብቅ አለች። የተባለውን አልሰማችም። "ይታይሽ! ምነው ቆመሽ፣ ግቢ እንጂ፤ እራት ደርሷል" አለችኝ። ስንት ጊዜ ሆኖን ነበር እንዲህ ካለችኝ። "ሌላ ቀን" ብያት ወጣሁ።

ዓርብ ቀኑን ሙሉ የደሳለኝ ሱቅ አልተከፈተም። ጎረቤቶቹ "ውስጥ ነው ያለው፣ ዕቃ ያገላብጣል" አሉኝ። እኔ በደጃፌ ተቀምጬ ያን የተዘጋ በር ሳይ ዋልሁ። ለነገው ገበያ ቤንዚኑን እየቀላቀለ ነው ብዬ ደመደምሁ። ሌላ ምክንያት ሊኖረው ይችላል ብዬ አንድ ጊዜ እንኳ አላሰብሁም።

ማታ የነፍስ አባቴን አባ ገብረ ሥላሴን ቤታቸው ሄጄ አማከርኋቸው። ሁሉንም ሰምተው፣ "ሰው እንዳይጎዳ መናገር ግዴታሽ ነው" አሉኝ። "ግን ብቻሽን አትናገሪ። ነገ ከቅዳሴ በኋላ እኔው አብሬሽ እሄዳለሁ። እምቢ ካለ ሽማግሌዎች ባሉበት በፊቱ ሞክረን እናሳየዋለን። እስከዚያ ጠብቂኝ።"

"እጠብቅዎታለሁ አባ" አልኋቸው። መስቀል ተሳልሜ ወጣሁ።

ቅዳሜ በጧት ገበያው መቆም ሲጀምር የደሳለኝ በር ወለል ብሎ ተከፈተ። ጠርሙስ የያዘ ሰው ደጃፉን ሞላው። ቅዳሴ ገና አላለቀም። ሆኖም ተቀምጬ ጠበቅሁ።

ያን ጊዜ አቶ ካሴ መጡ። የተከበሩ ገበሬ ናቸው፤ በማግስቱ ሴት ልጃቸውን ይድራሉ። ጨው ሊገዙ ነው የመጡት፤ በትከሻቸው ባንጠለጠሉት ከረጢት ውስጥ አራት ጠርሙስ ላምባ ይታያል።

"ከአያ ደሳለኝ ነው?" አልኋቸው።

"አዎን። ነገ ሌሊት ዳሱ እንደ ቀን ነው የሚበራው!"

ዳሱ ታየኝ። የደረቀ ቅጠል ክዳን፣ መሬቱ ጭድ፣ በየምሰሶው የተንጠለጠለ ኩራዝ፣ ከሥሩ የታጨቀ የሀገር ሰው። "አቶ ካሴ" አልሁ፣ "እባክዎ ያን ላምባ አያብሩት። ቤንዚን አለበት፤ ሰው ይፈጃል።"

ትንሽ አዩኝና ሳቁ። ዞር ብለው ለቆመው ሰው፣ "ሰማችሁ? ነጋዴ ነጋዴን ሲጠላ እንዲህ ነው!" አሉ። ሰዉም ሳቀ። ሴቶቹ ሳይቀሩ ሳቁ።

አባ ገብረ ሥላሴን የረሳሁት በዚያ ሳቅ ነው። ወደ ውስጥ ገብቼ የስመኝን ጠርሙስ፣ ሳህንና ክብሪት ይዤ ወጣሁ። ጨው ሻጮቹ ከሚቀመጡበት ድንጋይ ላይ ቆሜ ባለኝ አቅም ጮኽሁ።

"እናንተ ሰዎች! ላምባ የገዛችሁ ኑ! ከደሳለኝ የገዛችሁ ኑና እዩ ምን እንደሸጠላችሁ!"

አያ ማለቱን እንኳ ትቼዋለሁ።

ሰው ተሰበሰበ። ሳህኑን ድንጋዩ ላይ አስቀምጬ ጠርሙሱን አፈሰስሁበትና ክብሪቱን ከርቀት አስጠጋሁ። ነበልባሉ እስከ ደረቴ ተነሣ። "ኧረ የድንግል ያለህ!" አለ ሰዉ በአንድ ድምፅ። እኔ ስለ ስመኝ ፊትና በጀርባዋ ስለነበረው ሕፃን ተናገርሁ። "የኔም ኩራዝ ሰሞኑን ሲተፋ ነበር!" አለች አንዲት ሴት። ሌላዋ፣ "እኔም ብነግረው ክሩ ነው አለኝ!" አለች። አቶ ካሴ ከረጢታቸውን አቅፈው ከፊቴ ቆመዋል። የሳቀ ሰው አሁን የለም።

"ሊፈጀን ነው እንዴ!" አለ አንድ ጎረምሳ፤ ሰዉም ወደ ማዶ ሮጠ።

ደሳለኝ ከበሩ ላይ ሁለት እጁን ዘርግቶ ቆመ። የሆነ ነገር ይጮኻል። ከእኔ ዘንድ የደረሰችው አንዲት ቃል ብቻ ነበረች፤ "ጓዳ!" የምትል። "ጓዳ ደብቆታል!" ብሎ አንዱ ተቀበለና ገፍተውት ገቡ። የአቡጀዲ ጣቃ ሲወረወር፣ የጨው ከረጢት ሲቀደድ አየሁ። ቀጥሎ የቆርቆሮ መንኳኳት ሰማሁ። ከጓዳው ጀርባ የእናኑ ማድ ቤት ነው፤ የምሳ ድስት ተጥዶበት ነበር።

የፈሰሰው የምድጃውን እሳት ሲያገኝ ድምፁ ነፋስ መጋረጃ ሲገለብጥ የሚያሰማው ዓይነት ነው። ከዚያ የሣሩ ክዳን ጭስ ተፋ።

የገቡት ሁሉ እየተጋፉ ወጡ። ደሳለኝ ተመልሶ ገባ። እናኑን ጎትቶ አወጣት፤ ነጠላዋ ጫፉ ተቃጥሏል እንጂ እሷ ደኅና ነበረች። እንደገና ገባ። አንዱን ቆርቆሮ በሁለት እጁ ታቅፎ እየሮጠ ወጥቶ ከሜዳው ወረወረው፤ እሳቱ ወደ ጎረቤት እንዳይዛመት ነው። ለሦስተኛ ጊዜ ሊገባ ሲል ሰዎች ያዙት። እጆቹን ወደ ላይ አንሥቶ ቆሞ ያያቸው ነበር፤ እስከ ክርኑ ድረስ ቆዳው ተገፏል። አልጮኸም። የጮኸችው እናኑ ናት።

ቅድም ሊዘርፉና ሊሰብሩ የገቡት ሰዎች አሁን አፈር እየዛቁ የጎረቤቱን ክዳን በማጭድ እየገፈፉ እሳቱን ይከላከሉ ጀመር። እኔ ከድንጋዩ ላይ አልወረድሁም። አባ ገብረ ሥላሴ በዚያ መሐል ደረሱ። ጭሱን አዩ፣ ከአጠገቤ ያለውን ሳህን አዩ፣ እኔን አዩኝ። ከዚያ ወደ ቁስለኛው ሄዱ።

ደሳለኝን በወሳንሳ አድርገው በእስቴ በኩል ወደ ደብረ ታቦር ሐኪም ቤት ወሰዱት። እናኑ ከኋላ ተከተለች። በአጠገቤ ስታልፍ ቀና ብላ አላየችኝም።

እሑድ ዕለት የአጥቢያው ዳኛ ጠርቶ ጠየቀኝ። ባለፈው ሳምንት ከደሳለኝ ላምባ የገዙ ሴቶች ጠርሙሳቸውን ይዘው መጥተው በፊቱ ተሞከረ፤ ሦስቱ እንደ ስመኝ ጠርሙስ ቦግ አሉ። "ይህች ሴት ስንት ነፍስ አትርፋለች" አለ ዳኛው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። እቅፍ አድርገው የሳሙኝ እናቶች አሉ። ይህም እውነት ነው፤ ማንም አልዋሸም።

ማክሰኞ ግን አቶ ካሴ ብቻቸውን መጡ። ሰርጉን በጨረቃና በደመራ እንጨት አሳልፈውታል። ከጠርሙሶቻቸው አንዱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

"ልደፋው ስል እስቲ ልየው ብዬ በሳህን ሞከርሁት" አሉኝ። "ክብሪቱ ጠፋበት። አራቱንም ሞከርሁ። ንጹሕ ላምባ ነው ይታይሽ። ቅዳሜ የሸጠልኝ ደኅናውን ነበር።"

ቅዳሜ ከፊቴ ቆመው ሳሉ፣ ጠርሙሱ ከእጄ በአንድ ክንድ ርቀት እያለ፣ ከዚያ አንዲት ጠብታ አልሞከርሁም። የሞከርሁት እንደሚነድ አስቀድሜ የማውቀውን ነው።

በዚያው ሳምንት አያሌው ከነጭነቱ ደረሰ። መንገድ ላይ ሰምቶ ነበር። በቅሎዎቹን እንኳ ሳያራግፍ ገብቶ ጭንቅላቴን ሳመኝና፣ "እኔ በሌለሁበት ያላደረግሽው የለም!" አለ። ከዚያ በበሩ ወደ ማዶ፣ ወደ ጠቆረው ግድግዳ አየ። "እንግዲህ ገበያው የእኛ ነው" አለ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ነጋዴ ነው። ግን እኔ ውስጥ ተደብቆ የነበረውን በአፉ ሲናገረው ሰማሁትና ወጥቼ ጓሮ አለቀስሁ።

ከዚያ በኋላ ላምባ መስፈር አልቻልሁም። ደንበኛ ተሰልፎ ይጠብቃል፣ እኔ ጠርሙሱን ይዤ እቆማለሁ። በመጨረሻ ለአያሌው፣ "ሄጄ ካላየሁት አልበላም" አልሁትና በቅሎ ጭኖ ደብረ ታቦር አደረሰኝ።

ደሳለኝ ከአልጋው ላይ ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል። ሁለቱም እጆቹ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልለዋል። እናኑ ሾርባ ታጠጣው ነበር፤ ስታየኝ ማንኪያውን አስቀምጣ ወጣች።

"ተቀመጪ" አለኝ።

"አያ ደሳለኝ፣ ቅዳሜ የሸጥኸው ደኅናው እንደነበር አወቅሁ።"

"ሐሙስ ከሄድሽ በኋላ በሳህን ሞከርሁት" አለኝ። ድምፁ ቁጣ የለበትም፤ ደክሞታል። "እንዳልሽው ሆነ። ከአንድ ሾፌር በርካሽ የገዛሁት ነው፤ እኔም ተታልዬ ነበር። ዓርብን ሙሉ አንድ በአንድ እየሞከርሁ መጥፎውን ለየሁና ጓዳ አስቀመጥሁት። የድሮውን ብቻ ሸጥሁ። 'ጓዳ ያለውን አትንኩት' እያልሁ ነበር የምጮኸው።"

"ታዲያ ለምን መጥተህ አልነገርኸኝም?"

"አንቺ ቅዳሜ ጧት መጥተሽ ለምን አልጠየቅሽኝም?"

እኔ ግን፣ እግዜር ይይላት ምላሴን፣ በልቤ የነበረውን ጠየቅሁት። "ቀድመው የገዙትስ? ለእነሱስ ልትነግራቸው ነበር?"

ወደ ግድግዳው ዞረ።

"ልነግራቸው አስቤ ነበር" አለኝ። "በምን አፌ እንደምነግራቸው አላወቅሁም። ሰኞ፣ ማክሰኞ እያልሁ ... አላውቅም ይታይሽ። ላልነግራቸውም እችል ነበር። አፈርሁ።"

ተነሥቼ እግሩን ሳምሁት። ይቅርታም አልሁት። "እግዜር ይቅር ይበለን" አለኝ፤ "ይበልሽ" አላለም። እጆቹ ድነዋል፤ ጣቶቹ ግን እንደተጨበጡ ቀሩ። ወገዳ አልተመለሰም። ከእናኑ ጋር መካነ ኢየሱስ ከተማ ኖረ፤ ትንሽ ንግድ የምትነግደው እሷ ነበረች።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ ይህን ያስነገረኝ የልጄ ነገር ነው። አንድ የዘይት ድርጅት ውስጥ ይሠራል። የሌላ ድርጅት ዘይት ንጹሕ አለመሆኑን ደርሰውበት፣ በአደባባይ እንናገር ወይስ ዝም እንበል ብለው ይከራከራሉ አለኝ። "ብንናገር ምቀኝነት ይሉናል፤ ብንተው ሰው ይጎዳል፤ አንቺ ምን ትያለሽ?" ብሎ ጠየቀኝ። ሌላ ሰው ቢጠይቀኝ፣ ተናገሩ ብዬ ነገሩን በቆረጥሁት ነበር። በእርግጥም ተናገሩ እላለሁ። ዝም ብል ኖሮ ከሦስቱ ጠርሙሶች አንዱ የአንዲት እናት ቤት ውስጥ ይነድ ነበር። ደሳለኝ ያፍር ነበር፣ ቀኑ ያልፍ ነበር፣ ሕፃን ይቃጠል ነበር። ይህን ሳስብ ደግሜም እጮህ ነበር እላለሁ።

ግን ለልጄ ሌላም ነገር ነገርሁት። የሌላውን ጥፋት ስታወሩ የምታተርፉ ከሆነ፣ ከሁሉ በላይ ራሳችሁን ጠርጥሩ አልሁት። የዛሬውን ሞክሩ እንጂ የትናንቱን ብቻ አትያዙ። ምንም ጥቅም የሌለው ሰው አብሯችሁ እንዲቆም ጠብቁ፤ እኔን አንድ ቅዳሴ እስኪያልቅ መጠበቅ አቅቶኝ ነበር። እሱ ሁሉንም ሰምቶ፣ "እማዬ፣ ይህ ሁሉ ሲደረግ ሰው ቢጎዳስ?" አለኝ። እሱንም አላውቅም።

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ደሳለኝ ካረፈ ወዲህ፣ መካነ ኢየሱስ ለተስካር ሄጄ ከእናኑ ጋር ፊት ለፊት ተገናኘን። ሁለታችንም ሸብተናል። እጄን ይዛ ከሰው ነጠል አደረገችኝ።

"ስለ ተናገርሽው አልቀየምሽም" አለችኝ። "መነገር ነበረበት። እሱም ሊሞት ሲል እንዲሁ ነው ያለኝ። እኔ ያልረሳሁት ሌላ ነው። ማድ ቤት ሆኜ፣ ሽንኩርት እየከተፍሁ፣ ከሜዳው ድምፅሽን ሰማሁ። 'ይታይሽ ምን አግኝታ ነው ዛሬ እንዲህ ደስ ያላት?' ብዬ፣ ልሰማሽ ቢላዬን አስቀመጥሁ።"